ማታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሉዝ ለመጫወት የትኛው አምፕ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ስኳየር ስትራቶካስተር ጊታር አለኝ። እስካሁን የምጫወተው በትንሽ የልምምድ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ነው፤ ድምፁ ቀጭንና ደረቅ ሆኖብኛል። የምወደው የቢ ቢ ኪንግንና የስቲቪ ሬይ ቮንን ድምፅ ነው። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ስለምትመጣ አምፕ ላመጣልህ ብላኛለች። ጓደኞቼ ‹ብሉዝ ያለ ቱዩብ አይሆንም፤ ባለ 15 ዋት ቱዩብ አስመጣ፣ ዋቱ ትንሽ ስለሆነ ጎረቤት አይረብሽም› ይሉኛል። እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ ባለ 40 ዋት ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ ሊሸጥልኝ ነው። የምጫወተው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ወደፊት ከጓደኞቼ ጋር ባንድ የመጀመር ሐሳብም አለን። የትኛውን ልግዛ?»

መልስ፦ ሁለቱንም አትግዛ። ላንተ የሚሆነው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ኃይሉን እስከ ግማሽ ዋት ዝቅ ማድረግ የሚቻል ዲጂታል አምፕ ነው። እንደ ቦስ ካታና 50 ያለ ማለቴ ነው። ምክንያቱን ግን በደንብ ማወቅ አለብህ። ካላወቅከው ነገ ሌላ ጓደኛህ ሌላ ነገር ሲነግርህ ሐሳብህን ትቀይራለህ።

መጀመሪያ የዋቱን ነገር እናስተካክል። ዋት ማለት አምፑ ለስፒከሩ የሚሰጠው ኃይል ነው። ጆሯችን የሚሰማው የድምፅ መጠን ከዋት ጋር እኩል አይወጣም፣ እኩልም አይወርድም። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ ብለህ እንዲሰማህ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ስለዚህ ባለ 5 ዋት አምፕ ከባለ 50 ዋት ጋር ሲነጻጸር የሚያንሰው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። በአሥር እጥፍ አያንስም። አንተ የምታወዳድራቸው የባለ 15 እና የባለ 40 ዋት ልዩነት ደግሞ 4 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ጆሮህ ይለየዋል፤ ጎረቤትህ ግን በሁለቱም እኩል ይናደዳል።

ስሌቱን አብረን እንስራው። የጊታር ስፒከሮች በጣም ጯሂ ሆነው ነው የሚሠሩት። የተለመደ ባለ 12 ኢንች ስፒከር 1 ዋት ብቻ ሰጥተኸው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ብትለካው ወደ 97 ዴሲቤል ያወጣል። ሰው ተረጋግቶ ሲያወራ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ስትጫወት ከ75 እስከ 77 ዴሲቤል ብትደርስ ያ ራሱ ትንሽ ደፈር ያለ ነው። 97 የነበረውን ወደ 77 ለማውረድ ኃይሉ በመቶ መከፈል አለበት። ማለትም ስፒከርህ የሚጠይቀው የአንድ ዋት መቶኛውን ነው። ባለ 15 ዋቱን አምፕ ማታ የምትጠቀምበት ከአቅሙ አንድ ሺህ አምስት መቶኛ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ከሩቅ እንዲሰማ የተሠራ ነገር አልጋህ አጠገብ አስቀምጠህ፣ የቮልዩም ማዞሪያውን 1 ላይ አድርገህ፣ ትንፋሽ ከነካው ይጮሃል ብለህ ስትፈራ ታመሻለህ።

«ታዲያ ዝቅ አድርጌ ብጫወትስ? ቱዩብ ያው ቱዩብ ነው» ትል ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቱዩብ ማለት ከአምፑ ጀርባ ሲበራ የምታየው የመስታወት ብልቃጥ ነው። በአንድ የቱዩብ አምፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት አሉ። ትንንሾቹ የጊታሩን ደካማ ምልክት ያሳድጋሉ። ትልልቆቹ ስፒከሩን ይገፋሉ። ሰዎች «የቱዩብ ድምፅ» ብለው የሚያደንቁት ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ትልልቆቹ አቅማቸው ላይ ሲደርሱ ነው። ያን ጊዜ ቱዩቡ የድምፁን ጫፍ በአንዴ አይቆርጠውም፤ ቀስ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ክሩን ለስለስ አድርገህ ስትነካው ንጹሕ ይወጣል። ጠንከር አድርገህ ስትመታው ይሻክራል። የአምፑ የኃይል ምንጭ ራሱ ለአፍታ ሸብረክ ይልና መልሶ ይቆማል፤ ኖታው ሲጀምር ተጫን ብሎ ከዚያ የሚያብበው በዚህ ምክንያት ነው። ስፒከሩም ወረቀቱ በኃይል ሲንቀሳቀስ የራሱን ቀለም ይጨምራል። አየሩ ደግሞ ተመልሶ የጊታሩን ክር ያንቀጠቅጠዋል፤ ኖታው ሳይሞት ረጅም ጊዜ የሚቆየው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ነገሮች ሁሉ ኃይል ይፈልጋሉ። በአንድ ዋት መቶኛ ላይ ትልልቆቹ ቱዩቦች ምንም አልሠሩም ማለት ይቻላል። የኃይል ምንጩም አልተነካም። ስፒከሩም ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። የሚሰማህ የትንንሾቹ ቱዩቦች ድምፅ ብቻ ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የከፈልክበት ነገር ግን እሱ አይደለም።

ከአምፑ ውጭ ደግሞ የጆሯችን ጉዳይ አለ። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ይህንን ለክተው አሳይተዋል። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሁሉም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ወፍራሙን ከሌላው በበለጠ ይጥለዋል፤ ከቀጭኑም ጫፍ ላይ ትንሽ ይወስዳል። የመሐሉ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። አንተ «ቀጭንና ደረቅ» ያልከው ስሜት ከፊሉ የመጣው ከዚህ ነው። የድሮ አምፕህ ስፒከር ትንሽ መሆኑም ጨምሮበታል። በዚያ ላይ ዝቅ አድርገህ ስትጫወት ፒኩ ክሩን ሲመታ የሚያወጣው የጊታሩ የራሱ ቅርቅርታ ከአምፑ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማሃል። ውድ አምፕ ይህንን አያጠፋልህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንተ ወደድኩት የምትለው ድምፅ ምንድን ነው? የተቀዳ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ አምፑን አስጩሆታል። ፊቱ ማይክሮፎን ቆሟል። መሐንዲሱ አስተካክሎታል። አንተ ደግሞ ያንን በስልክህ ወይም በቤትህ ስፒከር ቀንሰህ ሰማኸው። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ የማርሻል አምፑን እንደ መድረክ አስጩሆ እንደተጫወተ በሰፊው የታወቀ ነው። እኛ ግን ያንን በ70 ዴሲቤል እየሰማን «እንዴት ያለ ሞቅ ያለ ድምፅ ነው» እንላለን። ስለዚህ የምትፈልገው ጮክ ያለ አምፕ ተቀንሶ ሲሰማ የሚሰጠውን ድምፅ ነው። እውነተኛ የቱዩብ አምፕ ስትቀንሰው ይህን አይሰጥህም፤ አሁን ያልኩህ ነገር ሁሉ አብሮ ይቀንሳል። ጥሩ ዲጂታል አምፕ ግን የተሠራው ለዚሁ ነው። አምፑ ሲጮህ የሚሆነውን በስሌት ይሠራና በፈለግከው መጠን ያወጣልሃል።

«ብሉዝ ያለ ቱዩብ አይሆንም» የሚለው አባባል ከታሪኩም ጋር አይገጥምም። አንተ የጠቀስከው ቢ ቢ ኪንግ ለረጅም ዓመታት ከሚወዳቸው አምፖች አንዱ ላብ ሲሪስ ኤል 5 ነበር። ይህ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ ትራንዚስተር አምፕ ነው፤ አንድም ቱዩብ የለውም። አልበርት ኪንግም አኩስቲክ የሚባል ኩባንያ በሠራው ትራንዚስተር አምፕ ነው የሚታወቀው። ሁለቱም ብሉዝ ጊታር ማለት ምን እንደሆነ ለዓለም ያሳዩ ሰዎች ናቸው። የቢ ቢ ኪንግን ድምፅ ልብ ብለህ ስማው። ብዙው ንጹሕ ነው። ሻካራነቱ ትንሽ ነው። ሰውን የሚይዘው የግራ እጁ እርግብግቢት፣ ኖታ መርጦ ዝም ማለቱና የመሐል ድምፁ ሙላት ነው። ይህ ደግሞ ላንተ ጥሩ ዜና ነው፤ እንዲህ ያለው ድምፅ በዝቅተኛ ቮልዩምም ይገኛል።

የስቲቪ ሬይ ቮን ጉዳይ ይለያል። እሱ ወፍራም ክር ነበር የሚጠቀመው፤ ቀጭኗ ክር ራሷ ባለ 13 ቁጥር ነበረች። ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ብዙ የፌንደር አምፖችን አንድ ላይ አብርቶ በጣም ጮክ አድርጎ ይጫወታል። ፊታቸው ላይ ደግሞ የአይባኔዝ ቱዩብ ስክሪመር ፔዳል (በእግር የሚረገጥ፣ ድምፅ የሚያሻክር መሣሪያ) ነበረ። ይህንን ድምፅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሙሉ አታገኘውም። ሆድ ላይ የሚመታው የአየር ግፊት በየትኛውም አምፕ፣ በየትኛውም ዋጋ፣ በዝቅተኛ ድምፅ አይመጣም። ሻካራነቱን፣ የመሐል ድምፁን ጉልበትና ለእጅ የሚሰጠውን ምላሽ ግን በደንብ መቅረብ ይቻላል።

ሌሎቹን አማራጮችም ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ስለሚያነሳቸው። አንዱ ትንሽ የቱዩብ አምፕ መያዝ ነው። የድሮው ፌንደር ቻምፕ 5 ዋት ገደማ፣ አንድ የኃይል ቱዩብና ባለ 8 ኢንች ስፒከር ብቻ ያለው ነው። ለስቱዲዮ ግሩም ነው። ግን ስሌቱን አስታውስ። ስፒከሩ ከባለ 12 ኢንቹ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ቻምፕን ሙሉ ስትከፍተው 100 ዴሲቤል አካባቢ ትደርሳለህ። ባለ 1 ዋት አምፕ እንኳ ሙሉ ሲከፈት 97 ነው። ቪላ ውስጥ፣ ቀን ቀን፣ ሰው በሌለበት ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ አይሆንም።

ሌላው አቴንዌተር ነው። በአምፑና በስፒከሩ መሐል ይገባና ኃይሉን ወደ ሙቀት ቀይሮ ይውጠዋል። ቱዩቡ ሙሉ እየሠራ ድምፁ ይቀንሳል። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ይሠራል። ሆኖም ስፒከሩ አይነቃም፣ የጆሮው ጉዳይም እንዳለ ነው፣ ቱዩቦቹም ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ስለሚሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ኦሙም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው) ከአምፑ ጋር መግጠም አለበት፤ 8 ኦም ከሆነ 8 ኦም። አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ያዝ፦ የቱዩብ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ በፍጹም መብራት የለበትም። የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከአምፑ ውድ ክፍሎች አንዱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ንጹሕ አምፕ ይዞ ሻካራነቱን ከኦቨርድራይቭ ፔዳል ማግኘት ነው። የቱዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል ወፍራሙን ቀነስ፣ መሐሉን ከፍ ያደርጋል። ለስትራቶካስተር በጣም ይስማማዋል። በዝቅተኛ ድምፅም ይሠራል። ከእነዚህ ከሦስቱ የማከብረው ይህንን ነው። የካታና ዓይነት አምፕ ግን ይህን ፔዳል በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ለብቻው መግዛት አያስፈልግህም።

ካታና 50 የኃይል መምረጫ አለው፦ ግማሽ ዋት፣ 25 ዋትና 50 ዋት። ማታ ግማሽ ዋት ላይ ታደርገዋለህ። ማስተር ቮልዩሙን በነፃነት ማዞር ትችላለህ፤ በትንሽ ንክኪ ከዜሮ ወደ ጩኸት አይዘልም። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ አለ። ከጓደኞችህ ጋር ባንድ ስትጀምሩ ደግሞ 50 ዋቱ ከከበሮ ጋር ለልምምድ ይበቃል። የሄድፎን መውጫውም ስፒከርና ማይክሮፎን ያለበት አስመስሎ ስለሚያወጣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይም ያለ ሐሳብ ትጫወታለህ። እውነት ለመናገር ለብዙ ሰው ትልቁ ጥቅም ይሄኛው ነው።

ባንድ የሚለውን ሐሳብ ብትተወውና ቤት ብቻ ብትጫወት የያማሃ ቲ ኤች አር 10 ዓይነት ትንሽ የጠረጴዛ አምፕ እመክርህ ነበር። ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ናቸው ያሉት፤ የሚያወጣው ድምፅ ግን ቅድም ወዳልኩህ የተቀዳ ድምፅ በጣም ይቀርባል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች በውስጣቸው ባትሪ ስላላቸው መብራት ሲሄድም አይቋረጡም። ከከበሮ ጋር ግን አይሰማም። ገንዘብ የማይገድህ ቢሆን ደግሞ የፌንደር ቶን ማስተር ዴሉክስ ሪቨርብ አለ። እሱም ዲጂታል ነው፤ ኃይሉ እስከ 0.2 ዋት ድረስ ይወርዳል። የድሮውን ዴሉክስ ሪቨርብ ንጹሕ ድምፅ በጣም ይቀርባል። ዋጋው ከካታናው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ላንተ ደረጃ አልመርጥልህም።

አሁን ጓደኞችህ ያላነሱት ነገር፦ መብራት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የአክስትህ ልጅ ከዋሽንግተን ሱቅ የምትገዛው አምፕ ለ120 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ያንን በማስተላለፊያ ሶኬት ብቻ እዚህ ግድግዳ ላይ ብትሰካው ያበቃለታል። ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ብቻ ይሄዳል። ካልሆንክ ትራንስፎርመሩም ካፓሲተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። የሶኬቱን ቅርጽ የምትቀይረው ትንሽ ማስተላለፊያ ቮልቱን አትቀይርም፤ ይህንን ሰዎች ያምታታሉ።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል። ከአምፑ ጀርባ የተጻፈውን የፍጆታ ዋት አንብብና ቢያንስ እጥፉን የሚችል ትራንስፎርመር ያዝ። አስተውል፤ አምፑ 50 ዋት የድምፅ ኃይል አለው ማለት ከግድግዳው የሚወስደው 50 ዋት ነው ማለት አይደለም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ሌላ ቁጥር ነው። ኸርዙንም እይ። «50/60» ካለ ችግር የለም። «60» ብቻ ካለ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ከሚገባው በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ቮልት የሚያወርደው ሳጥን ደግሞ ኸርዝ አይቀይርም። እንደዚህ ዓይነቱን ተወው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ምንጩን መቀየር ነው። ዱባይ ወይም አውሮፓ የሚሄድ ዘመድ ካለህ አምፑን ከዚያ አስመጣ። የእነሱ መብራት ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ቮልትና እኩል 50 ኸርዝ ነው፤ የሚቀየረው የሶኬቱ እግር ብቻ ነው። ካታና 50 ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 23 ኪሎ በሚፈቀድበት ሻንጣ ውስጥ ይያዛል። ሆት ሮድ ዴሉክስ ግን ብቻውን 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል።

መብራት በሄደ ቁጥር አምፑን ከማብሪያው አጥፋው። ተመልሶ ሲመጣ ወዲያው አታብራ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና ሲረጋጋ አብራ። ስታቢላይዘር ካለህ ለፍሪጁ ብቻ አትተወው። ለምድር የተሠመረች ሦስተኛ እግር ያላት ሶኬት ከሆነች ያችን እግር ነቅለህ ወይም ዘልለህ አትጠቀም። ጊታር ስትይዝ እጅህ ብረት ላይ ነው፤ ያች መስመር ለሕይወትህ ነው የተሠራችው።

ስለ ያገለገለው ባለ 40 ዋት ጥቂት ልጨምር፤ ዋጋው ሊያጓጓህ ይችላል። አምፑ ራሱ ጥሩ አምፕ ነው። ለመድረክ የተሠራ ነው። ሁለት 6ኤል6 የሚባሉ የኃይል ቱዩቦች አሉት፤ ሲያረጁ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት፣ መለዋወጫውም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቮልዩሙ ደግሞ ገና ከ1 ወደ 2 ሲሄድ ቤቱን ይሞላዋል። ሻጩ «ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይሠራል» ካለህ ያ መንጫጫት ያለቀ ቱዩብ ወይም ያረጀ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። ራስህ ከፍተህ ለማየት እንዳትሞክር። በቱዩብ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ያንን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል። ይህን የሚነካው ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

አምፑን ካገኘህ በኋላ አቀማመጡ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ወለል ላይ አታስቀምጠው። ወፍራሙ ድምፅ በቀጥታ ወደ ኮንክሪቱ ገብቶ ታች ያለው ቤት ይወርዳል፤ ሰው ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው እሱን ነው። ወንበር ላይ አድርገው፤ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፍ። ከግድግዳውና ከማዕዘኑም አርቀው። ሌላው ጥቅሙ ስፒከሩ ከእግርህ ይልቅ ወደ ጆሮህ ማየቱ ነው። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ነው የሚልከው። እግርህን እያየ ከሆነ ድምፁ ደብዛዛ ይሆንብሃል፣ ያኔ ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) ትጨምራለህ፣ ቮልዩሙን ትጨምራለህ፣ ጎረቤቱ በሩን ያንኳኳል።

ለማስተካከል እንዲህ ጀምር። ንጹሑን ወይም ክራንች የሚባለውን፣ ትንሽ ሻከር የሚለውን ቻናል ምረጥ። የጊታሩን ቮልዩም ሙሉ ክፈት። ጌይኑን (የሻካራነቱን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ቀስ እያልክ ጨምር፤ ክሩን ለስለስ ስታደርገው ንጹሕ፣ ስትገፋው ሻካራ የሚሆንበት ቦታ ላይ ቁም። ከዚያ አትለፍ። አብዛኛው ጀማሪ ጌይን ሲበዛ ብሉዝ የሚመጣ ይመስለዋል። ጌይን ሲበዛ በለስላሳና በጠንካራ ምት መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፤ ብሉዝ ደግሞ የሚኖረው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ቅድም ስለ ጆሮ ባልኩህ ምክንያት ማታ ስትቀንስ ቤዙን ከመሐል ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ትሬብሉንም በትንሹ። መሐሉን አትቀንስ። ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ጥቂት ጨምርበት፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ የጎደለውን አየር ይሰጥሃል። ከዚያ በኋላ እጅህ ከአምፑ ይነሳና ሥራው ሁሉ ወደ ጊታሩ ይሂድ፦ ስታጅብ የጊታሩን ቮልዩም 6 ወይም 7 ላይ፣ ሶሎ ስትገባ 10 ላይ።

ለሙከራ የሚሆን ነገር ልስጥህ። ባቲ ማይነርን ካወቅክ የብሉዙን ማይነር ፔንታቶኒክ አውቀኸዋል፤ ኖታዎቹ አንድ ናቸው። አንዷን ኖታ ያዝና በአንድ ዓይነት አቀማመጥ መጀመሪያ በጣም በቀስታ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ በኃይል ምታት። ሦስት የተለያየ ቀለም ካልሰማህ ጌይኑ በዝቷል። ሦስቱም ንጹሕ ከሆኑ አንሷል። ሱቅ ውስጥ አምፕ ስትሞክርም ይህንኑ አድርግ፤ ፈጣን ሶሎ መጫወት ስለ አምፑ ብዙ አይነግርህም። ቮልዩሙን ደግሞ ቤት በምትጫወትበት መጠን አድርገህ ሞክረው፤ ሱቅ ውስጥ ጮሆ የማያምር አምፕ የለም።

ስለ ጆሮህም ላስጠንቅቅህ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚሉት፣ በቀን 8 ሰዓት መስማት የሚቻለው 85 ዴሲቤል ነው ይላል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 97 ዴሲቤል ላይ የተፈቀደልህ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሄድፎንም ያው ነው፤ እንዲያውም መጠኑ ስለማይታወቅህ ይብሳል። ከተጫወትክ በኋላ ጆሮህ ውስጥ ፉጨት ከሰማህ አብዝተሃል ማለት ነው። በዚህ የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ አይድንም፤ ጊታር ለሚወድ ሰው ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም።

ስለዚህ ውሳኔው ይህ ነው። የ40 ዋቱን ሻጭ አመስግነህ መልሰው። ካታና 50 ወይም በዚያው ደረጃ ያለ፣ ባለ 12 ኢንች፣ ኃይሉ የሚቀነስና የሄድፎን መውጫ ያለው አምፕ ያዝ። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ሊያመጣልህ የሚችል ሰው ካለ ጠብቀው። ከዋሽንግተኗ በቀር ሰው ከሌለህ ከመክፈሏ በፊት ከአምፑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። «220» ወይም «100-240» ካለ ትግዛው። «120» እና «50/60» ካለ ትራንስፎርመሩን እዚህ ቀድመህ አዘጋጅተህ ትግዛው። «120» እና «60» ብቻ ካለ ትተወው። በዚያ ሁኔታ ጥሩ ኬብልና ባለ 10 ቁጥር የኒኬል ክር ጥቂት ጥቅል ታምጣልህ፤ ጊታሩንም የሚያውቅ ሰው ጋ ወስደህ የክሩን ከፍታና ቅኝቱን አስተካክል። አምፑ እስኪመጣ ድረስ ያንን አሁን ባለህ አምፕ ላይም ወዲያው ትሰማዋለህ።